ምዕራፍ ስድስት፦ ታፔላ፣ ጥለትና የጳጉሜን ገጽ

አዳማ ላይ አነስተኛ የዲዛይንና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት የከፈተ ሰው ቶሎ ከሚለምዳቸው ንግግሮች አንዱ «ወንድሜ፣ የተለየ ነገር ሥራልኝ» የሚለው ነው። ደንበኛው ይህን ይልና ስልኩን አውጥቶ ምስል ያሳያል። ምስሉ የቱርክ የሠርግ ካርድ፣ የዱባይ ካፌ ሜኑ ወይም ከፒንተረስት የተወሰደ ሎጎ ነው። ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ ስለሚቀዳ፣ «የተለየ» የተባለውን ካርድ ጎረቤት ያለው ማተሚያ ቤት ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሙሽራ ሠርቶት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ደንበኛ ደግሞ «ባህላዊ ይሁንልኝ» ይላል። ያኔ ጀበና ይመጣል፣ መሶብ ይመጣል፣ ኦዳ ይመጣል፤ አንዱ ጥግ ላይ ይለጠፍና ሥራው አለቀ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ይህኛው ከፒንተረስቱ የሚሻልበት ነገር አይታየኝም። ጀበናው ካርዱ ላይ ምንም ሥራ የለውም፤ ቢነሳ የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለዲዛይን የሚሆን ሐሳብ ሞልቷል። የሚገኘው ግን አንድ ነገር ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ነው። ሸማኔው፣ ታፔላ ሠሪው፣ የቀን መቁጠሪያ አዘጋጁ እያንዳንዳቸው ከአንድ ችግር ጋር ታግለው መላ ዘይደዋል። መላው ነው የሚቀዳው።

የፊደል እግር

አዳማ ውስጥ በፍራንኮ በኩል በእግር ስታልፉ ቀና በሉ። የፋርማሲው፣ የሞባይል ጥገናው፣ የፀጉር ቤቱ ታፔላ ሦስት ረድፍ ጽሑፍ ተሸክሟል፤ አፋን ኦሮሞ በላቲኑ ቁቤ፣ አማርኛ በፊደል፣ ከሥር እንግሊዝኛ። ቁቤ በይፋ ሥራ ላይ እንዲውል ከተወሰነበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ላደገ ልጅ ይህ ተራ ነገር ነው። ለዲዛይነር ግን ከባድ ፈተና ነው። ቤይሩት ያለ ባለሙያ ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን በአንድ ሰሌዳ ላይ ለማስማማት የሚያየውን አበሳ የአዳማው ባልደረባው በየቀኑ ያየዋል፤ ያውም በሦስት ረድፍ።

ችግሩ ከርዝመት ይጀምራል። «አዳማ» በእኛ ፊደል ሦስት ቀለም ነው፤ በቁቤ ሰባት። «ጽሑፍ» ሦስት ቀለም ሲሆን የአፋን ኦሮሞው «በሬፈማ» በቁቤ 11 ፊደል ይፈጃል፤ ቁቤ የሚረዝመውን አናባቢም የሚጠብቀውን ተነባቢም ደግሞ ስለሚጽፍ ነው። ታፔላ ሠሪው ሦስቱም ረድፎች እኩል ስፋት እንዲኖራቸው ስለሚፈልግ አማርኛውን ወደ ጎን ይጎትተዋል። የተጎተተ ፊደል ደግሞ ወዲያው ይታወቃል፤ አግዳሚው መስመር ወፍሮ እግሩ ሲያጥር በጎማ ላይ የተሳለ ይመስላል። እኔ ስፋቱን ትቼ ጥቁረቱን ማስተካከል እመርጣለሁ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ከሩቅ ስታዩት ሁለቱ ረድፎች እኩል ከጠቆሩ፣ አንዱ ቢያጥርም ሰሌዳው ሚዛን አይስትም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ሁሉም ቀለም ቁመቱ የተቀራረበ ነው፤ ቁቤ ውስጥ ግን አብዛኛው ፊደል ወገብ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የአማርኛውን መጠን ትንሽ ቀነስ አድርጉ፤ ቁመቱ ከቁቤው ትልቅ ፊደል አንሶ ከትንሹ በልጦ ሲያርፍ ይስማማሉ።

አሁን አንድ ሙከራ ሞክሩ። አንድ የቁቤ ቃል ጻፉና የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ሸፍኑት፤ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ቀጥሎ «በ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» ብላችሁ ጻፉና በዚያው ወረቀት ግርጌያቸውን ሸፍኑ። አራቱም አንድ ሆኑ! ሣልሱን ከግዕዙ የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ጭረት ናት፣ ራብዑን የሚለየው የእግሩ መርዘም፣ ኃምሱን ደግሞ ግርጌ ያለው ቀለበት። የላቲን ፊደል መታወቂያው ከላይ ሲሆን የኛ አብዛኛው ከታች ነው።

ከዚህች ቀላል ነገር ብዙ ትምህርት ይወጣል። የአማርኛ ርዕስ ሥር የሚሰመር ጌጥ እግሮቹን እንዳይነካ መራቅ አለበት። የባጃጅ ስቲከር ላይ ጽሑፉ ወደ ታችኛው ጠርዝ አይጠጋም፤ አቧራና ጭቃ መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። ቀጭን እግር ያለው ፎንት በቢዝነስ ካርድ ላይ አይመረጥም። በብርዕ የተጻፈ ብራና ብታዩ ቋሚው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። የኮሎኙ ቄስ ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የግዕዙን መዝሙረ ዳዊት ሲያሳትም ለማተሚያ የተቀረጹት ፊደላትም የጸሐፊውን እጅ የተከተሉ ናቸው። አሁን ኮምፒውተር ላይ የምናገኛቸው ዘመናይ ቀጫጭን ፎንቶች ያንን ውፍረት ጥለውታል። ስክሪን ላይ ያምራሉ፤ በስምንት ነጥብ ሲታተሙ ግን «ሊ» እና «ለ» ይቀላቀላሉ።

የእግር ነገር በጣም የሚጎላው ማህተም ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ያለ ማህተም የሚንቀሳቀስ ወረቀት የለም፤ ማኅበሩም፣ ዕድሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጋራዡም ክብ ማህተም አለው። የክቡን የላይኛውን ቅስት ተከትሎ የሚጻፍ ቃል ራሱ ወደ ውጭ፣ እግሩ ወደ መሃል ያያል። ከውጭ ሰፊ ቦታ አለ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይጠባል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ከላይ ሲሆን ራሶቹ ተበታትነው እግሮቹ ይጣበቃሉ፤ ቀለም ሲበዛበት «ማኅበር» ይሁን «መኅበር» አይለይም። በታችኛው ቅስት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ራሶቹ ወደ መሃል ይገቡና እግሮቹ ወደ ሰፊው ጠርዝ ይወጣሉ። እንግዲህ የሁለት ቋንቋ ማህተም ስትሠሩ ቁቤውን ከላይ፣ አማርኛውን ከታች አድርጉት። ራሱ ላይ የሚታወቀው ጽሑፍ ለራሱ ቦታ አገኘ፣ እግሩ ላይ የሚታወቀውም ለእግሩ። አፋን ኦሮሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ቅደም ተከተሉም ይስማማል። አማርኛ የግድ ከላይ ይሁን የሚል ደንበኛ ካለ ደግሞ የፊደላቱን ርቀት በራሳቸው ሳይሆን በእግራቸው ለኩት።

በነገራችን ላይ፣ በአሮጌው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያንን ፎንት ያልጫነ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ መፍትሔው አለ፤ ልማዱ ግን አልጠፋም። ወደ አዲስ አበባ ለኦፍሴት ኅትመት ፋይል ስትልኩ ጽሑፉን ከርቭ አድርጉ። መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የተመለሰ ስህተት ውድ ነው።

ነጠላው ለምን ባዶ ሆነ

ጥለት ሁሉም ይወደዋል፤ ሁሉም ይቀዳዋል። የሚቀዳው ግን ቀለሙና ቅርጹ ብቻ ነው። ጥለት እንዲህ የሆነው በድርና ማግ ስለሚሠራ ነው። ሸማኔው ክር እየቆጠረ ነው የሚያወጣው፤ ክብ መስመር ቢፈልግ እንኳ እንደ ደረጃ እየሰበረ እንጂ አጥፎ ሊሄድ አይችልም። አንድ ዲዛይነር ጥለትን በኮሬል ድሮው ለስላሳ ኩርባ አድርጎ ሲሥለው የሆነ ነገር ጎድሎታል፤ የጎደለው ደረጃው ነው። የሚሻለው ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገዝቶ አንዱን ካሬ እንደ አንድ ክር እየቆጠሩ በእርሳስ መሙላት ነው። እንዲህ የተሠራ ጥለት ቢሰፋም ቢጠብም አይበላሽም፤ ስቲከር ቆራጭ ማሽንም ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ባዶው ነው። ነጠላ ዘርጉና እዩ፤ ሰፊው አካሉ ነጭ ሆኖ ጥለቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ጌጡ ጎልቶ የሚታየው ነጩ ስለ በዛ ነው። ደንበኞቻችን ግን ለሌተር ሄዳቸው ከላይ ሎጎ፣ ከታች አድራሻ፣ ከጀርባ የደበዘዘ ሎጎ፣ በግራና በቀኝ ክፈፍ ይጠይቃሉ፤ ደብዳቤው የሚጻፍበት ቦታ ይጠፋል። አንድ ቀጭን የጥለት መስመር ግርጌ ላይ፣ የቀረው ነጭ ይሁን ብላችሁ አንድ ናሙና አትማችሁ አሳዩአቸው። በቃል አትከራከሩ፤ በቃል ክርክር ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ክፈፉ ነው።

የጥለቱ ቦታም ይናገራል። ሴቶች ለሐዘን ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ጥለቱ ከግርጌ ተነሥቶ ወደ አንገት ይወጣል፤ ይህን ያየ ሁሉ ይረዳዋል። እኔም በሠርግ ካርድ ላይ ጥለት ካስፈለገ ከታች ነው የማደርገው። የሙት ዓመት መታሰቢያ ካርድ ሲሆን ወደ ላይ ላወጣው እችላለሁ።

አንድ የማተሚያ ምክር ልጨምር። በአነስተኛ ማሽን ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ሲታተም አንዱ ከአንዱ ይንሸራተታል፤ በመካከል ያልተፈለገ ነጭ ጭረት ይፈጠራል። ሸማኔው በቀለማቱ መሃል ነጭ ክር ሲተው ያያችሁት ለዚህ መድኃኒት ይሆናል። ነጩን አስቀድማችሁ ከተዋችሁት፣ ትንሽ ቢንሸራተትም ማንም አያስተውለውም። ለኢሬቻ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ሲታዘዝ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ ቀዩን ሰፋ አድርጋችሁ ጥቁሩን በላዩ ማተም ትችላላችሁ። የኢሬቻ ትዕዛዝ ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ መስከረም ላይ ቢሾፍቱና አዳማ ያሉ ቤቶች እንቅልፍ የላቸውም። ከዚያ የሠርግ ካርድ ወቅት ይገባል፤ ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ፣ ቀጥሎም ጾሙ ሲፈታ ከፋሲካ በኋላ።

ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም። ከሞጆ ወደ ደቡብ መንገድ የወጣ ሰው ባቱን አልፎ በአጭር ርቀት ውስጥ ሦስት ሐይቅ ያያል፤ ሦስቱም መልካቸው ለየቅል ነው። ላንጋኖ በደለል ምክንያት ቡናማ ነው፣ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጠው ሻላ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጨዋማው አብያታ ደግሞ ዳርቻው ነጣ ያለ። ሦስቱን በአንድ ካርድ ላይ ብታስቀምጧቸው አይጣሉም። የሻላን ሰማያዊ ለማግኘት ሳያንና ማጀንታን እኩል ከሞላችሁ ግን ወይን ጠጅ ይወጣል፤ ማጀንታውን ቀንሱ። ለላንጋኖ ቀለም ማባከን አያስፈልግም፤ ካኪ ወረቀት ላይ በጥቁር አትሙ፣ ቡናማው ከወረቀቱ ይገኛል።

ወንጂም ከአዳማ አፍንጫ ሥር ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው በ1955 ዓ.ም. ተከተለው፤ የትልልቆቻችን የልጅነት ጣዕም የሆነው ደስታ ከረሜላም የወንጂ ነበር። የከረሜላ መጠቅለያ ጫፍና ጫፉ ሲጠመዘዝ ሥዕሉ ይጠፋል፤ የሚታየው መሃሉ ብቻ ነው። ማሽኑም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይቆርጥም። ስለዚህ ትንሽ ምልክት ደጋግሞ ማተም የግድ ይሆናል፤ የትም ቢቆረጥ አንዱ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል። ለኬክ ቤት የመጠቅለያ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ትልቅ ሎጎ መሃል ላይ ከማስቀመጡ በፊት ይህን ያስብ።

የተረፈው ቁራጭ

ስለ መነሻ ሐሳብ የሚጻፉ መጻሕፍት ስለ ወረቀት መቁረጫ ማሽን አያወሩም። እኔ ግን ለአነስተኛ ቤት ከሁሉ የበለጠ ሐሳብ የሚገኘው ከማሽኑ ሥር ካለው የቁራጭ ካርቶን ነው እላለሁ።

ሒሳቡን ተመልከቱ። በ300 ግራም ወረቀት የኤ4 ሰርተፍኬት ታዘዛችሁ እንበል። ወረቀቱ 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ሉክ ከሆነ፣ 21 በ29.7 የሆነው ኤ4 ዘጠኝ ጊዜ ይወጣዋል፤ ሦስት በሦስት። ዘጠኙ 63 በ89.1 ይወስዳሉ። የቀረው ሁለት ረጃጅም ቁራጭ ነው፤ አንዱ 10.9 በ70፣ ሌላው 7 በ89.1። ተደምሮ ከሉኩ አንድ አምስተኛው ገደማ ይሆናል። ከፍላችሁበታል፤ ግን ብዙ ቤት ይጣላል። 61 በ86 ወረቀት ገበያ ላይ ካገኛችሁ ያንን ግዙ፤ ስምንት ኤ4 ወጥቶት የሚተርፈው ከመቶ አምስት አካባቢ ብቻ ነው።

70 በ100 ብቻ ከሆነ ያለው፣ ቁራጩን አስቀድማችሁ አስቡበት። ከመጀመሪያው ቁራጭ 5 በ9 የሆነ ቢዝነስ ካርድ 14፣ ከሁለተኛው 9፣ በድምሩ 23 ካርድ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የወረቀቱ ቃጫ የተኛበትን አቅጣጫ እዩ። በተሳሳተ አቅጣጫ የተቆረጠ ካርድ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ይጎብጣል።

ቢዝነስ ካርድ ከበዛባችሁ ቅርጹ ራሱ ሌላ ሥራ ይጠቁማል። ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ለቆዳ ቦርሳና ቀበቶ የሚንጠለጠል የዋጋ መለያ፣ ለማር ማሰሮ አንገት መለያ፣ ለመጽሐፍ ዕልባት ይሆናል። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ከቆዳ ቁራጭ ቦርሳና ዋሌት የሚሰፉ ወጣቶች ደግሞ አንድ ሺህ መለያ የማሳተም አቅም የላቸውም፤ ሃምሳ ግን ይበቃቸዋል። ሃምሳ መለያ የትኛውም ትልቅ ማተሚያ ቤት አይቀበልም። የእናንተ ገበያ እዚህ ነው፤ ንድፉም ከቁራጩ ስፋት ተነሥቶ ጠባብና ረጅም ይሆናል፤ ማንም ስልክ ላይ አይቶ ያልቀዳው ቅርጽ።

አሥራ ሦስተኛው ገጽ

የግድግዳ ካላንደር የአነስተኛ ቤት የዓመቱ ትልቁ ትዕዛዝ ነው። ብዙዎች ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍተው ቁጥር በመለወጥ ያዘጋጁታል፤ ስህተትም የሚገባው በዚሁ ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን አሠራር ያየ ግን ሥራው እንዴት እንደሚቀልለት ይገርመዋል።

አሥራ ሁለቱ ወሮች 30፣ 30 ቀን ናቸው። 30 ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ፣ የሚቀጥለው ወር ሁልጊዜ ሁለት ቀን ዘልሎ ይብታል። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ነው፤ ጥቅምት ቅዳሜ፣ ኅዳር ሰኞ ይብታል። ሁለት ሁለት እየዘለሉ ከሰባት ወር በኋላ ወደ መነሻው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ሚያዝያም እንደ መስከረም ሐሙስ ይገባል። ጥቅምትና ግንቦት፣ ኅዳርና ሰኔ፣ ታኅሣሥና ሐምሌ፣ ጥርና ነሐሴ እንዲሁ ጥንድ ናቸው። ብቻቸውን የሚቀሩት የካቲትና መጋቢት ናቸው። ለአሥራ ሁለት ወር የሚያስፈልጋችሁ የቀን ሰንጠረዥ ሰባት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ይህ በየትኛውም ዓመት ይሠራል።

ኦፍሴት ለሚያትም ሰው ይህ ገንዘብ ነው። የቀኖቹ ቁጥር ያለበት አንድ ፕሌት ሁለት ወር ያገለግላል፤ የወሩ ስም፣ በዓላቱና ትንንሾቹ የአውሮፓ ቀኖች በሌላው ፕሌት ይገባሉ። ለንድፉም ይረዳል። ሳምንቱ ከሰኞ ከጀመረ ወሩ እሑድ ካልገባ በስተቀር በአምስት ረድፍ ያልቃል። በ2018 ስድስተኛ ረድፍ የሚጠይቀው የካቲት ብቻ ነው፤ ስለ አንድ ወር ብላችሁ የአሥራ አንዱን ቁጥር አታሳንሱ፤ የካቲት 30ን ከ23 ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አስገቧት።

ጳጉሜንስ? ጳጉሜን ምንጊዜም የካቲት በገባበት ዕለት ትገባለች። አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ እንደ 2015 እና እንደ 2019፣ ስድስት ትሆናለች። አብዛኛው ካላንደር ነሐሴ ግርጌ ላይ ይሸጉጣታል። ለብቻዋ ገጽ ብትሰጧት ግን የገጹ ሦስት አራተኛ ባዶ ይሆናል። ባዶውን በድርጅቱ ስልክና በሥራ አስኪያጁ ፎቶ የሚሞላ አለ፤ እኔ ግን ሌላ ጥቅም አለው ባይ ነኝ።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆች አበባና ፀሐይ፣ መልአክም ሥለው በየቤቱ እየዞሩ ይሰጣሉ፤ በምላሹ ሳንቲም ወይም ዳቦ ያገኛሉ። የመልካም ምኞት ካርድ በሱቅ ከመሸጡ በፊት በዚህ አገር የነበረው ካርድ ይህ ነው፤ በእጅ የተሠራ፣ ለአንድ ጎረቤት ብቻ የተሣለ። አሁን ብዙው ልጅ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ነው የሚዞረው። የጳጉሜንን ገጽ ባዶ ቦታ በአራት ከፍላችሁ በነጥብ መቀደጃ ብትለዩት፣ ቤት ያለው ልጅ በአምስቱ ቀን ሥሎ ለመስከረም 1 የሚያደርሰው አራት ካርድ ያገኛል። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ከካሬ ደብተሩ የወጣች አንዲት የጥለት መስመር ትበቃለች፤ የቀረው ለልጁ ነው። ደንበኛችሁ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ከሆነ ሎጎው ከካርዱ ጀርባ በትንሹ ይግባ።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ካላንደር ብዙውን ጊዜ በሚያብለጨልጭ አርት ፔፐር ነው የሚታተመው፤ አርት ፔፐር ላይ እርሳስ ቀለም ይንሸራተታል፣ የውኃ ቀለምም አይጠጣም። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ባልተቀባ ወፍራም ወረቀት አትሙት፤ ለዚህ የሚሆን ሙሉ ሉክ ከሰርተፍኬቱ ሥራ ከተረፋችሁ ደግሞ ዋጋው አይጨምርም። ትዕዛዙን ሐምሌ ሳያልቅ ተቀበሉ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ያሉት ማተሚያ ቤቶች ወረፋ ሞልቶባቸዋል።